ፍቅርና ብዕር፦ እውነት ሁለት ዛፍ ናቸው?

የጉለሌዋ
ቅዳሜ አንድ የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ነበርኩ። የደራሲውን ስም አልጠራም፤ የማከብራቸው ሰው ናቸው። በጥያቄና መልሱ ሰዓት አንዲት ልጅ ተነሣች። «ልብወለድ ጀምሬ ነበር። ፍቅር ከያዘኝ ወዲህ ግን አንድ ምዕራፍ እንኳ አልጨረስኩም። ምን ይመክሩኛል?» አለቻቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። መጽሐፍሽን ጨርሺ። ፍቅር የትም አይሄድም» አሏት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

እኔ ግን እስካሁን አልወጣልኝም። ሦስት ቀን ሙሉ ስብከነከን ሰነበትኩ። ፍቅር የትም የማይሄደው ለማን ነው? 31 ዓመቴ ነው። ከ24 ዓመቴ ጀምሮ «መጀመሪያ ራሴን ልቻል፣ መጀመሪያ አንድ መጽሐፍ ላውጣ» ስል ኖርኩ። የምወደው ልጅ ሲጠይቀኝ «ቆይ» እለው ነበር። መጽሐፉ አልወጣም። እሱ ግን ሄደ። አግብቶ ወልዷል። አሁን ይኼን ምክር ለሌላ ልጅ በማይክ ሲሰጡባት ዝም ማለት አቃተኝ።

ጋሽ መምህር
እኔም እዚያው አዳራሽ ነበርኩ፤ አጨብጭቤያለሁ። አሁንም አላፍርበትም። ሁለተኛ ደረጃ አማርኛ ሳስተምር 33 ዓመት ሆኖኛል። ድርሰታቸውን ሳርም እንባ ያመጡብኝ ልጆች ነበሩ። ዛሬ አንዳቸውም አይጽፉም። መንገድ ላይ ሳገኛቸው «እንዴት ነው ጽሑፉ?» እላለሁ። «አይ ጋሼ፣ ትዳር ይዤ» ነው መልሱ። ሰውየው የተናገሩት ይህንኑ ነው። ጽሑፍ ሙሉ ሰው ይፈልጋል። ልቡ ስልኩ ላይ የተንጠለጠለ ልጅ አንድ ገጽ አይሞላም።

የሁለት ልጆች እናት
ጋሼ፣ ከአክብሮት ጋር ልጠይቅዎ። እነዚያ ተማሪዎችዎ ብዕራቸውን የጣሉት ስላፈቀሩ ነው ወይስ ስለሚጋግሩ? «ትዳር ይዤ» ያሉዎትስ ስንቶቹ ወንዶች ናቸው?

የእኔን ቀን ልቁጠርልዎ። ሌሊት 11 ሰዓት እነሣለሁ። ምሳ ዕቃ እቋጥራለሁ። 1 ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ነኝ። ማታ 1 ሰዓት እገባለሁ። ወጥ አለ፣ ማስጠናት አለ፣ ማስተኛት አለ። 4 ሰዓት ላይ ደብተሬን ስገልጥ ዓይኔ ይከደናል። ባሌን እወደዋለሁ። እሱም ይወደኛል። ከደብተሬ የሚያስነሣኝ ፍቅሩ ግን አይደለም፤ ምጣዱ ነው። እባካችሁ የምጣዱን ኃጢአት ፍቅር ላይ አትጫኑት።

ባለ ብሩሹ
«ሁለት ዛፍ» የምትለዋ ቃል እኔንም ነክታኛለች፤ የነካችኝ ግን በሌላ በኩል ነው። ወንድ ሲሆኑ ጥያቄው «ፍቅር ወይስ ሥዕል» አይደለም። «ቤት አለህ ወይ?» ነው። ከአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከወጣሁ አራት ዓመት ሆኖኛል። አንዲት ልጅ እወድ ነበር። ቤተሰቦቿ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አባቷ ቡና ጋብዘውኝ «ሥዕሉ ጥሩ ነው፤ ሥራህስ ምንድን ነው?» አሉኝ። ለምን እንደጠየቁ ገባኝ። ማስታወቂያ ድርጅት ተቀጠርኩ። ቀኑን ሙሉ የባነር ፊደል ሳስተካክል እውላለሁ። ማታ ሸራው ፊት እቀመጣለሁ፤ እጄ አይታዘዝም። ለሸራና ለቀለም ብሬን ሳወጣ ደግሞ ለጥሎሽ ከማስቀምጠው ላይ የሰረቅኩ ይመስለኛል። በመጨረሻ እሷም ደከማት፣ ተለያየን።

ስለዚህ ደራሲው ስለ ዛፍ ያወራሉ። እኔ መሬቱም የለኝም። የተከራየሁት ነው።

ጋሽ መምህር
ባለ ብሩሹ፣ አዝናለሁ ልጄ። ግን የነገርከን የእኔን ሐሳብ ነው የሚያጠናክረው። ልጅቷን ስትል ሥዕሉን አጣህ። በኋላም ሁለቱንም አጣህ። ተረቱ የሚለው ይህን አይደለም?

ትልቅ ሰው ልጥቀስ። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ትዳር አልያዙም፤ ልጅ አልወለዱም። ዛሬ ፒያኗቸውን ዓለም ይሰማዋል። አንድ ዛፍ መርጠው ወጡ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
ጋሽ መምህር፣ እዚህ ላይ ግን አቁሙ። የእማሆይን ሕይወት ለዚህ ክርክር አታጣሙት። እሳቸው ሙዚቃን መርጠው ፍቅርን የተዉ ሰው አይደሉም። ለንደን ሄደው ሙዚቃ እንዲማሩ ዕድል አግኝተው ነበር። ፈቃድ ተከለከሉ። ልባቸው ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ነው ግሸን ማርያም የገቡት። አሥር ዓመት ያህል እዚያ ኖሩ። የመረጡት እግዚአብሔርን ነው። ፒያኖውንም ያኔ ትተውት ነበር፤ በኋላ ነው የተመለሱበት። በመጋቢት 2015 ኢየሩሳሌም ሲያርፉ 99 ዓመታቸው ነበር። አንዲት ወጣት በር ተዘግቶባት መንና የሄደችበትን ታሪክ «ዛፍ መረጠች» ብሎ መንገር ልክ አይመስለኝም።

ጋሽ መምህር
እሺ፣ የለንደኑን እቀበላለሁ። ግን ባል፣ ቤትና ልጅ ቢኖራቸው ያ ሁሉ ዜማ ይወጣ ነበር? ይህን መልሺልኝ።

የጉለሌዋ
የማይመለስ ጥያቄ አታምጡ ጋሼ። እኔ የማውቀውን ልንገርዎ። ብቻዬን የኖርኩባቸው ሰባት ዓመታት አሉ። ባል የለ፣ ልጅ የለ፣ ወጥ የሚጠይቀኝ የለ። በእናንተ ስሌት ሦስት መጽሐፍ ማውጣት ነበረብኝ። ግማሽ ደብተር ነው ያለኝ። ለምን? ምሽቴን ሁሉ የበላው ብቸኝነቱ ነዋ! ቅዳሜ ማታ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ እላለሁ። አንድ መስመር እጽፋለሁ። ከዚያ ስልኬን አነሣለሁ። የእሱን የሠርግ ፎቶ አያለሁ። ሌሊቱ ያልፋል። ፍቅርን ማቆየት ጊዜ ይሰጣል ያለው ማነው?

አንባቢ ብቻ
በተረቱ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሠዓሊ ነበር። ገጣሚም ነበር። ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ያስተምር ነበር። ስንት ዛፍ ልትቆጥሩበት ነው? በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛ ነበር፣ የመንግሥት ኃላፊ ነበር፣ ባለትዳርና አባት ነበር። ስድስት ልብወለድ ጽፏል። በእነዚህ ሰዎች ፊት «ሁለት ዛፍ አይወጣም» ማለት እንዴት ይቻላል?

ጋሽ መምህር
ሥዕልና ግጥም ሁለት ዛፍ አይደሉም። የአንድ ዛፍ ሁለት ቅርንጫፍ ናቸው።

አንባቢ ብቻ
ታዲያ ፍቅርስ ለምን ቅርንጫፍ አይሆንም? ቅርንጫፉን የሚወስነው ማነው?

የሁለት ልጆች እናት
አንባቢ ብቻ፣ ምሳሌህ ላይ ቅሬታ አለኝ። በእኛ አገር ባለትዳር ሆኖ ስድስት መጽሐፍ መጻፍ ለወንድ ይቻላል። የሰው ጓዳ አልገባም፤ የማወራው ስለ ዘመኑ ልማድ ነው። አባቴ ሲያነብ ቤቱ በሙሉ ጸጥ ይል ነበር። እናቴ በጣቷ አፏን ይዛ «አባታችሁ እያነበበ ነው» ትለን ነበር። እናቴ መጽሐፍ ይዛ ቤቱ ጸጥ ሲል አይቼ አላውቅም። እናቴም ማንበብ ትወድ ነበር እኮ። ቆሎ እየቆላች በአንድ እጇ ይዛ ነበር የምታነበው። ወንዱ ሁለት ዛፍ ሲወጣ ከሥር ቆሞ መሰላል የሚይዝለት ሰው አለ። እኔ መሰላሉን ማን ይያዝልኝ?

የሕግ ሰው
የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ አንቀጽ 49 ባልና ሚስት መከባበር፣ መተጋገዝና መደጋገፍ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ስለዚህ መሰላል መያዝ የባልም ግዴታ ነው። አንቀጽ 62ን ደግሞ ጸሐፊዎች ብታውቁት ጥሩ ነው። በትዳር ውስጥ በግል ጥረት የተገኘ ገቢ የጋራ ነው። ከመጽሐፋችሁ የምታገኙትም ገንዘብ እዚያ ውስጥ ይገባል።

ባለ ብሩሹ
ቆይ፣ እኔ ሌሊት የሳልኩትን ብሸጥ ግማሹ የእሷ ነው ማለት ነው?

የሕግ ሰው
ገንዘቡ የጋራችሁ ነው፣ አዎ። «የዚህ ሥዕል ሠዓሊ እኔ ነኝ» የማለት መብት ግን የአንተ ብቻ ነው።

የሁለት ልጆች እናት
ምኑ ያስደነግጥሃል ባለ ብሩሹ? ሌሊት እንድትስል ልጁን ያስተኛችልህ ማነች?

ባለ ብሩሹ
አልደነገጥኩም እህቴ። ልጅም ሚስትም የለኝም። ግማሹን የምሰጣት ሰው ብትኖር ደስ ይለኝ ነበር።

ከሪያድ
ሁላችሁንም ሳነብ ቆየሁ። ሰው ቤት ነው የምሠራው። ሥራ የምጨርሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ክፍሌ ውስጥ አልጋዬና የዕቃ ሳጥኖች ናቸው ያሉት። ግጥም የምጽፈው እዚያ ነው። እጄ ሲዝል በስልክ በድምፄ እቀዳዋለሁ። የምልከው ኮምቦልቻ ላለ ሰው ነው። ከመሄዴ በፊት ስድስት ወር ብቻ ነው የተዋወቅነው። ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ ይሰማኛል። «ሦስተኛው መስመር ላይ ትቸኩያለሽ፣ ድገሚው» ይለኛል። በሁለት ዓመት ውስጥ 40 ግጥም ሆኗል። እሱ ባይሰማኝ አንዱንም አልቀዳም ነበር፤ ይኼን በእርግጠኝነት እነግራችኋለሁ። ስለዚህ እኔ ሁለት ዛፍ አላውቅም። አንድ ነገር ነው።

ጋሽ መምህር
ልጄ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ። 40 ግጥም ትልቅ ሥራ ነው። ግን እንደ መምህር ልጠይቅሽ፤ አትቀየሚኝ። ነገ እሱ መስማት ቢያቆም ግጥሙም ያቆማል? ደራሲው የፈሩት እኮ ይህን ነው። ሰውን ምሰሶ አድርጎ የተሠራ ቤት ሰውየው ሲሄድ ይፈርሳል።

ከሪያድ
የሚጠይቁትን እኔም በየቀኑ እጠይቀዋለሁ ጋሼ። ብር የምልከው ለእናቴ ብቻ ነው፤ ለእሱ ልኬ አላውቅም፤ ጠይቆኝም አያውቅም። የምለው ይኼን ያህል ነው።

የጉለሌዋ
ጋሼ፣ ይኼ ጥያቄ ለእሷ ይገባ ነበር? እኛ ሁላችን በራሳችን አልጋ ተኝተን ነው የምናወራው።

ጋሽ መምህር
ይገባል። 40 ግጥም ስላላት ነው የጠየቅኋት። የማልጠይቀው የማይጽፍን ሰው ነው። አንቺንም ልጠይቅሽ። ያ ልጅ ባይሄድ ኖሮ ግማሹ ደብተር ይሞላ ነበር? ወይስ ያልጻፍሽበትን ምክንያት እሱ ላይ እያሳበብሽ ነው?

የጉለሌዋ
እውነቱን ልንገርዎ? ሊሆን ይችላል። ግን ሰባት ዓመት ሙሉ «ገና አልበቃሁም» ብዬ ያሰብኩት በራሴ አይደለም። ከእንደነዚህ ዓይነት መድረኮች ነው የተማርኩት። «መጀመሪያ ራስሽን ገንቢ» ሲባል ሰማሁ፣ አመንኩ። ራሴን ለመገንባት የእንግሊዝኛ ኮርስ ገባሁ፣ የኮምፒውተር ኮርስ ገባሁ፣ በኤክስቴንሽን ሁለተኛ ዲግሪ ጀመርኩ። ግንባታው አያልቅም እኮ! የትኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ነው ሰው የሚገባልኝ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ
የጉለሌዋ፣ እዚህ አሜሪካም ያው ነው። ሌሊት ነርስነት እሠራለሁ። ቀን ትምህርት አለብኝ። «ኑሮዬን ላስተካክል» እያልኩ 38 ደርሻለሁ። ክራር ይዤ ነው ከአገር የወጣሁት። ክሩ ከተበጠሰ አራት ዓመቱ ነው፤ አልቀየርኩትም። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እናቶች «መቼ ነው ሠርግሽ?» ይሉኛል። «ክራርሽስ?» ያለኝ አንድም ሰው የለም። ሁለቱም እኩል ያመኛል። የቱ እንደሚብስ ብትጠይቁኝ ግን ክራሩ ነው።

የሁለት ልጆች እናት
አየሽ፣ አንቺን ያስቀረሽ ፍቅር አልነበረም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
አልነበረም። የቤት ኪራይ ነው። እና የሌሊት ፈረቃ።

አንባቢ ብቻ
ወደ ቅዳሜው እንመለስ። ልጅቷ የጠየቀችው «ፍቅር ልተው?» ብላ አልነበረም። «አንድ ምዕራፍ አልጨረስኩም» ነው ያለችው። «እሱ ስትጽፊ ምን ይላል?» ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። ከሪያዷ እህታችን «ድገሚው» የሚላት ሰው አላት። የልጅቷ «ተይው፣ ነይ እንውጣ» የሚል ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ጋሽ መምህር
በሦስት ደቂቃ መድረክ ላይ ይህ ሁሉ አይጠየቅም። ሰውየው አጭር መልስ ሰጡ። ተረት ለዚያ ነው።

የሁለት ልጆች እናት
ሦስት ደቂቃ ካልበቃ «አላውቅም ልጄ» ማለት ይቻላል። አዳራሽ ሙሉ ሰው እያጨበጨበ አንዲት ልጅ ፍቅረኛዋን እንድትተው ከሚነገራት።

ጋሽ መምህር
ተዪው አላሉም! «ፍቅር የትም አይሄድም» ነው ያሉት። ቃላቸውን አትለውጡ።

የጉለሌዋ
ይሄዳል ጋሼ! እኔ ሲሄድ አይቼዋለሁ!

ባለ ብሩሹ
እኔም አይቼዋለሁ።

ጋሽ መምህር
እኔ ደግሞ የሚሄደውን ሌላውን አይቻለሁ። 33 ዓመት ሙሉ። ስንቱን ጎበዝ ልጅ።

የሁለት ልጆች እናት
ልጆቹ ተነሡብኝ፤ ማታ እመለሳለሁ። ግን ቅዳሜ እዚያ የነበራችሁ ሰዎች፣ ልጅቷን የሚያውቃት ካለ አንድ ነገር ጠይቁልኝ። ያ ፍቅረኛዋ ሳህን ያጥባል?