ፊቷ ላይ አስተካክዬ አነሳለሁ፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ግድግዳው ነው (ያሺካ ዲ)

የቀበና ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የድሮ ካሜራ ነገር የሚገባችሁ እስቲ አንድ በሉኝ፣ ግራ ገብቶኛል።

ከሁለት ወር በፊት ያሺካ ዲ ገዛሁ። ያ ባለ ሁለት ዓይኑ፣ አንገት ደፍተው ከላይ የሚያዩበት፣ 120 ፊልም የሚጎርሰው። ሻጩ "ፈትቼ ውስጡን አጽድቼዋለሁ፣ እንደ አዲስ ነው" አለኝ። እውነትም ከላይ ሲያዩበት ቁልጭ ያለ ነው። የቆዳ ማኅደሩ ማንገቻ በጫማ ክር የተተካ ቢሆንም እሱን ምክንያት አድርጌ ከ9 ሺህ ብር ወደ 7 ሺህ አወረድኩት። ባትሪ አይፈልግም፣ የብርሃን መለኪያም የለውም፤ የሚበላሽ ነገር የለውም ብዬ ነው የደፈርኩት።

ፊልሙን አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ አመጣችልኝ፤ ሦስት ጥቅል ኢልፎርድ ኤችፒ5። በአንዱ ጥቅል 12 ፎቶ ብቻ ስለሆነ እንደ እንቁላል ነው የምቆጥረው። የመጀመሪያውን ውጭ ውጭውን ጨረስኩት፦ ተራራ፣ ከተማው ከሩቅ፣ የጎረቤት ቆርቆሮ ጣራ። ቤት ውስጥ በዲ-76 (ፊልም ማጠቢያው ኬሚካል) አጠብኩት፣ ጥሩ ወጣ። አሪፍ ነው ብዬ ሁለተኛውን ለአያቴ አደረግኩት።

እቴቴን መስኮቱ አጠገብ መደቡ ላይ አስቀመጥኳት። ካሜራው በእግሩ ቆሟል፣ ቀዳዳው ኤፍ 3.5፣ ፍጥነቱ 1/60። በዚያች ብቅ በምትለው ማጉያ አጉልቼ የዓይኗ ቆብ ላይ እስኪታወቀኝ ድረስ አስተካከልኩ። ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ እቴቴ ከጭስ ውስጥ የወጣች ትመስላለች። ከኋላዋ የተሰቀለው የ2009 ካላንደር ግን ጳጉሜን ሳትቀር ይነበባል! ሰባት ፎቶ፣ ሰባቱም እንደዚያው። እሷ ራሷ አይታ "ይኼ የኔ ነው የካላንደሩ?" አለችኝ።

እጄ ተንቀጥቅጦ እንዳልል ካላንደሩ ጥርት ብሏል። ሌንሱን በባትሪ መብራት አየሁት፣ ሻጋታም ጭጋግም የለውም። አንድ ጥቅል ብቻ ነው የቀረኝ። ምን ላድርግ?

ባለ 124፦

ወንድሜ እንኳን ወደ 120 በደህና መጣህ። እኔ ያሺካ 124 ጂ ነው ያለኝ። የኋላ በሩን ክፈትና ፊልሙን ከጀርባ የሚጫነውን ጥቁር ሰሌዳ እየው። ተንሸራቶ 12 ወይም 24 ላይ ይቆማል። 12 ለ120 ነው፣ 24 ደግሞ ጀርባው ላይ ወረቀት ለሌለው ለ220 ፊልም። 24 ላይ ከረሳኸው ፊልሙ ቦታውን ይስታል፤ የአንተም ችግር እሱ ይመስለኛል።

የቀበና ልጅ፦

እህትህ ነኝ 😄 ሰሌዳውን አየሁት፣ በጣቴ ልግፋው ብልም አይንሸራተትም። 12 የሚል ጽሑፍም የለበትም።

ጨለማ ክፍል (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

አይኖርበትም። ዲ የሚወስደው 120 ብቻ ነው፤ ተንሸራታቹ ሰሌዳ የ124 እና የ124 ጂ ነገር ነው። ቢኖርበትም እንኳ በ24 ላይ 120 ቢገባ ወረቀቱ ተጨናንቆ መጠምጠሙ ይከብዳል እንጂ ሃያና ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ የሚያስት ነገር አይመጣም። ባለ 124 አትቀየመኝ።

እህቴ፣ መጀመሪያ ስህተቱ ሁሌ ወደ አንድ ወገን መሆኑን እንወቅ። ፊልም አታቃጥዪ፣ ከቀረሽ ጥቅል ላይ ሁለት ፎቶ ብቻ ይበቃል። ጠረጴዛ ላይ ስኒዎች በሰያፍ ደርድሪ፣ በመካከላቸው በጥልቀት 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ሦስተኛዋ ከሌንሱ በሜትር 1.20 ላይ ትሁን። እሷ ላይ አስተካክለሽ በኤፍ 3.5 አንሺ። ከዚያ የትኛዋ ስኒ ጥርት እንዳለች ንገሪን። ዲ ላይ ፊልሙ ሲጠመጠም ሻተሩ (ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) አብሮ እንደማይወጠር አትርሺ። ማጠንጠኛው ሌላ፣ መወጠሪያው ሌላ ነው። እኔ ስጀምር ስንቱን ፎቶ አንዱን በአንዱ ላይ ደራርቤዋለሁ።

የደሴው ፎቶ ቤት፦

ልጄ፣ ስኒውን ከመደርደርሽ በፊት ፊልም የማይበላ ሁለት ጥያቄ ልጠይቅሽ።

አንደኛ፣ የርቀት ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው፣ የተኛችው ስምንት (የሩቅ ሩቁ ምልክት) እስክትደርስ ድረስ አዙሪውና ካሜራውን ወደ እንጦጦ ቀና አድርጊ። በላይ በኩል በማጉያው ስታዪ የተራራው ጫፍ ጥርት ይላል ወይስ ብዥ ይላል?

ሁለተኛ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ወስደሽ ከሌንሱ እስከ አንድ ነገር 1.20 ለኪ። በዓይንሽ አስተካክዪና የርቀት ቁጥሩ ስንት ላይ እንደቆመ አንብቢ።

ይህን መልሺልኝና የቀረውን እነግርሻለሁ። እኔ በደርግ ጊዜ ደሴ ፎቶ ቤት ነበረኝ። ጉርድ ፎቶ በእንደዚህ ዓይነት ካሜራ እናነሳ ነበር፣ ኔጌቲቩን በእርሳስ እያሳመርን። ብዙ ሰው "ካሜራህ ፊቴን አበላሸው" እያለ ይመጣ ነበር፤ ካሜራው ግን አንዳንድ ጊዜ እውነትም ጥፋተኛ ነበር።

የቀበና ልጅ፦

ጋሼ እጅግ አመሰግናለሁ። ሁለቱንም አደረግኩ።

እንጦጦ ብዥ ይላል! ጫፉ ላይ ያለውን የአንቴና ምሰሶ ለማጥራት ትንሽ ከተኛችው ስምንት ማለፍ ያለብኝ ይመስለኛል፣ ግን ማስተካከያው እዚያ ያልቃል፣ አይሄድም። የገረመኝ ደግሞ በመጀመሪያው ጥቅል እዚያው መጨረሻው ላይ አድርጌ ያነሳሁት ያው ምሰሶ ኔጌቲቩ ላይ እንደ መርፌ ነው።

ርቀቱን 1.20 ለካሁ፣ በዓይኔ አስተካከልኩ፣ ቁጥሩ ወደ 1.50 ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፣ ያው ነው።

ስኒዎቹንም አነሳኋቸው፣ ሁለት ፎቶ ብቻ። ፊልሙን ጨለማ ውስጥ ቆርጬ፣ በቆረጣው የባከነው ባክኖ፣ ስድስት ሳልነካ አስቀርቻለሁ (አዎ፣ ልቤ እየተሰነጠቀ)። ሦስተኛዋ ላይ አስተካክዬ ጥርት ያለችው አምስተኛዋ ናት። በሁለቱም።

የደሴው ፎቶ ቤት፦

በይ እንግዲህ በሽታው ታውቋል።

የባለ ሁለት ዓይን ካሜራ ነገሩ እንዲህ ነው። የላይኛው ዓይን ለአንቺ ነው፣ የታችኛው ለፊልሙ። ሁለቱ አንድ ሳንቃ ላይ ተጣብቀው አብረው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ከላይኛው ሌንስ ተነስቶ በሰያፉ መልክ ማያ ተመልሶ እስከ ሸካራው መስታወት ያለው መንገድ፣ ከታችኛው ሌንስ እስከ ፊልሙ ካለው ጋር እኩል መሆን አለበት። በአንድ ሚሊ ሜትር ከተለያዩ አንቺ አንድ ነገር ታያለሽ፣ ፊልሙ ሌላ ነገር ያያል።

ምሰሶው ፊልሙ ላይ ጥርት ካለ የታችኛው ወገን ጤነኛ ነው። ችግሩ ከላይ ነው። ከላይ ደግሞ መንገዱ እንደረዘመ እንጦጦ ነግሮሻል፦ ሌንሱ ወደ ውስጥ ይበልጥ መግባት ይፈልጋል፣ አይችልም። ቅርብ ስታዪ ግን መግባት ይችላልና ትጎትቺዋለሽ፤ ያኔ የታችኛውም አብሮ ገብቶ ከእቴቴ አልፎ ካላንደሩን ያነባል።

መንገዱን ምን አረዘመው? ሻጩ "ፈትቼ አጽድቼዋለሁ" ብሏል አላልሽም? ሸካራውን መስታወት አውጥቶ አጥቦ ገልብጦ መልሶታል፣ ይኸው ነው። የመስታወቱ አንዱ ፊት ለስላሳ ነው፣ አንዱ ሸካራ። ምስሉ የሚያርፈው ሸካራው ላይ ነውና ሸካራው ወደ ታች፣ ወደ መልክ ማያው መዞር አለበት። ተገልብጦ ሲገባ የመስታወቱ ውፍረት መንገዱ ላይ ይጨመራል። ከላይ ሲያዩት ደግሞ ምንም ስለማይለይ ገዢው አያውቅም።

ለመክፈት እንዳትቸኩዪ። ከላይ የምታዪበትን ቆብ የያዙት ብሎኖች ትንንሽ ናቸው፣ ልክ የሚገጥም መፍቻ ካላገኘሽ ራሳቸውን ትበያቸዋለሽ። ነጭ ጨርቅ አንጥፊና እዚያ ላይ ሥሪ። ስትከፍቺ ከማንሳትሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ መስታወቱ አንድ ይሁን ሁለት ድርብ፣ የትኛው ከላይ እንደነበር እንዳይጠፋሽ። ጠርዙን ይዘሽ አውጪና በጥፍርሽ ጥግ ጥጉን ነካ አድርጊው። ለስላሳው ያንሸራትታል፣ ሸካራው ይፍቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ከሥሩ ያለውን መልክ ማያ አትጥረጊው! የቤት መስታወት ብሩ ከኋላ ነው፣ የዚህ ግን ፊቱ ላይ ነው የተቀባው። አንድ ጊዜ በጨርቅ ካሸሽው ጭረቱ ዕድሜ ልክ ነው። አቧራ ካለው በጎማ ንፊ።

ጨለማ ክፍል (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

ጋሼ ጨርሰውታል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ከመክፈትሽ በፊት የታችኛውን ወገን በዓይንሽ አረጋግጪ፣ ምናልባት ሻጩ የታችኛውን ሌንስም አዙሮት ይሆናልና ሁለቱን ስህተት እንዳናምታታ።

የኋላ በሩን ክፈቺ። ከሲዲ ማኅደር ቁራጭ ቆርጠሽ አንዱን ፊት በብርጭቆ ወረቀት አሽተሽ አደብዝዢው። የደበዘዘውን ወደ ሌንስ አዙረሽ ፊልሙ በሚያርፍባቸው በውስጠኞቹ ሁለት ሐዲዶች ላይ አስቀምጪው፣ በውጭዎቹ ላይ አይደለም፤ እነሱ የሰሌዳው ናቸው። ሻተሩን ቢ ላይ (እስኪለቁት ክፍት የሚቆይበት) አድርገሽ በገመድ መተኮሻው ክፍት አቆዪው፣ ቀዳዳው 3.5። ራስሽን በጥቁር ነጠላ ተከናነቢ። እንጦጦን ተገልብጦ ታገኚዋለሽ። ማጉያ ከሌለሽ የሌላ ካሜራ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገልብጠሽ ያዢ፣ ጥሩ ማጉያ ይሆናል።

የቀበና ልጅ፦

ቅዳሜ ከሰዓት ጨርሻለሁ፣ እነሆ ውጤቱ።

መጀመሪያ የሲዲ ማኅደሩን። ጥቁር ነጠላ ስላልነበረኝ በእቴቴ ጋቢ ነው የተከናነብኩት፣ ላብ በላብ ሆንኩ። የተገለበጠው እንጦጦ፣ ጥፍር የምታህለው ምሰሶ ከላይ ወደ ታች ተንጠልጥላ፣ ጥርት ያለች ናት። እቴቴ "እስቲ ልይ" ብላ ጋቢው ሥር ገባችና "ተራራውን ምን ዘቀዘቀው?" ስትል ሳቄ መጥቶ ካሜራውን ልጥለው ነበር።

ከዚያ ቆቡን ፈታሁ። አንዱ ብሎን ራሱ አስቀድሞ ተበልቷል፣ የእኔ ጥፋት አይደለም። መስታወቱን ገና ሳላነሳው በጥፍሬ ነካ አደረግኩት፦ ፍቅ! ሸካራው ወደ እኔ፣ ወደ ላይ። ጋሼ እንዳሉት። ጠርዙ ላይ ደግሞ ሻጩ የጠረገበት የብርቱካን ቀለም ጨርቅ ክር ተጣብቆ ቀርቷል። ክሩን በመቆንጠጫ ለቀምኩ፣ መልክ ማያውን ንፍ ንፍ አደረግኩ እንጂ አልነካሁትም፣ መስታወቱን ገልብጬ መለስኩት።

እንጦጦ ጠራ። የልብስ ሰፊው ሜትር 1.20 ሲል ካሜራውም 1.20 አለ። ሁለቱ ቁጥር ገጥሞ ሳየው እንደ ሞኝ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

የቀሩትን ስድስቱን ፎቶ እሑድ ለእቴቴ አውላቸዋለሁ። ካላንደሩን አንስቼዋለሁ።

ባለ 124፦

የእኔንም ልክፈተው እንዴ? ጥሩ ነው፣ ግን አሁን ጥርጣሬ ገባኝ።

የደሴው ፎቶ ቤት፦

አንተ፣ ጥሩ ከሆነ ምን ልትፈልግ ትከፍተዋለህ? ተወው።

የቀበና ልጅ፦

ጋሼ ሌላ ነገር አስታወስኩ። 1 ሰከንድ ላይ ሳደርገው "ዝዝዝ" ይልና መሃል ላይ ይቆማል፤ በጣቴ መታ ሳደርገው ነው የሚዘጋው። 1/30 እና ከዚያ በላይ ያለው ግን ደህና ይመስላል። አዲስ ርዕስ ልክፈት?

የደሴው ፎቶ ቤት፦

አትክፈቺ፣ እዚሁ እንጨርሰው። እሱ የረጅሙን ጊዜ የሚቆጥሩት ጥርሶች ላይ ዘይቱ ደርቆ ሙጫ ሆኖባቸው ነው። መታጠብ ይፈልጋል እንጂ መቀባት አይፈልግም። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ይዞ የሚመጣ ጎረቤት አይጠፋምና አንድ ጠብታ እንዳታስነኪው፤ ቅጠሎቹ ላይ ከደረሰ ሻተሩ ጭራሽ ይጣበቃል። እሑድ ከ1/30 በታች አትውረጂ። እቴቴንም ሰላም በዪልኝ።