ባንክራፕሲ ፋይል ባደርግ ግሪን ካርዴን እነጠቃለሁ?

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ ሰላም ወገኖቼ። ታክሲ ነጂ ነኝ። ቀዶ ሕክምና አድርጌ ሦስት ወር ቤት ዋልኩ። የክሬዲት ካርድ ዕዳዬ 31,000 ዶላር ደረሰ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልጄ «አባዬ፣ እነሱ ናቸው?» ትለኛለች። ጓደኞቼ ግን ባንክራፕሲ (ዕዳን በፍርድ ቤት ማሰረዝ) ግሪን ካርድ ያስነጥቃል፣ ሚስትህንም ይዘህ ትገባለህ ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ። እኔ በቻፕተር 7 (ብዙውን ዕዳ በሚሰርዘው የባንክራፕሲ ዓይነት) አልፌያለሁ። ባንክራፕሲ ማስገባት ብቻውን ግሪን ካርድ አያስነጥቅም። ብቻህንም ማመልከት ትችላለህ፤ የሚስትህ ገቢ ግን ይጠየቃል። ማመልከቻው እንደገባ አበዳሪዎች መደወል ክልክል ነው። ያን ቀን ቤቴ ጸጥ አለ። ባንክራፕሲው ክሬዲት ሪፖርት (የብድር ታሪክህ መዝገብ) ላይ እስከ 10 ዓመት ይቆያል። የልጅ ቀለብ አይሰረዝም፣ የተማሪ ብድርም በቀላሉ አይለቅም።

አንድ ነገር ስማኝ። እኔ «መጀመሪያ የዘመድ ዕዳ» ብዬ ከማመልከቴ አራት ወር በፊት ለወንድሜ 4,000 ዶላር ከፈልኩ። ፍርድ ቤቱ የመደበው ሰው ብሩን ከወንድሜ አስመለሰው። ለዘመድ የከፈልከውን አንድ ዓመት ወደኋላ ሄደው ያዩታል። እባክህ እንዳታደርገው።

ሌላ መልስ፦ እቁብ አለህ? ቀድመህ ከበላህ የቀረው ዕዳ ነው፤ ካልደረሰህ ደግሞ ንብረት። ለጠበቃው ሳትደብቅ ንገረው።

ጠያቂው፦ እቁቡን በጥር በልቻለሁ። ነገ ለጠበቃ እደውላለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።