አዲሱን የቤዝቦል ወርዋሪ ለማየት ለገባ ሰው ቡድኑ ምን ዕዳ አለበት?

ጥያቄውን ያነሳው፦ እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 2024 ፒትስበርግ፣ ፒኤንሲ ፓርክ ስታዲየም ነበርኩ። ፖል ስኪንስ ለቡድናችን ለፓይሬትስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወረውርበት ቀን ነው። 34,924 ሰው ገብቷል። ልጄ ሳምንቱን ሙሉ «መቼ ነው?» እያለች ስትነዘንዘኝ ነው የከረመችው። ኳሷ የካቸሩ (የኳስ ተቀባዩ) ጓንት ውስጥ ጧ ስትል ሰው ሁሉ ዞሮ የፍጥነት ሰሌዳውን ያያል። ቁጥሩ በሰዓት 100 ማይል ባለፈ ቁጥር ልጄ እጄን ጭምቅ ታደርገዋለች። ሰባት መቺ በስትራይክአውት (ኳሱን ሳይመቱ ከተራ በማስወጣት) ሸኘ። አምስተኛው ኢኒንግ ላይ (ጨዋታው በተለምዶ ዘጠኝ ኢኒንግ፣ ማለትም ዘጠኝ ዙር ነው)፣ 84 ውርወራ እንደሞላ ግን አስወጡት። ቡድናችን 10 ለ 9 አሸነፈ፤ እኛ ግን የሄድነው ለእሱ ነበር። ልክ ነው ትላላችሁ?

የድሮ ደጋፊ፦ በፍጹም ልክ አይደለም! ኖላን ራያን በ1974 በአንድ ጨዋታ 13 ኢኒንግ ቆይቶ 235 ጊዜ ወርውሯል። ክንዱ አልወለቀም፤ እስከ 1993፣ እስከ 46 ዓመቱ ተጫውቷል። የዛሬዎቹን እንደ እንቁላል ስለያዝናቸው ነው የሚሰበሩት።

የወጣቶች አሰልጣኝ፦ ወንድሜ፣ ራያን አንድ ሰው ነው። በዚያው ዘመን ስለነበረው ዴቪድ ክላይድ ለምን አናወራም? ጁን 27 ቀን 1973፣ ገና 18 ዓመቱ፣ ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰ ጥቂት ሳምንት ቢሆነው ነው። ቴክሳስ ሬንጀርስ ተመልካች ርቆት ስለነበር ልጁን በቀጥታ ሜዳ አስገባው። ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሞላ። 5 ኢኒንግ ወርውሮ አሸነፈ፣ ሕዝቡም አበደለት። ሁለት ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ወደ ታችኛው ሊግ ወርዶ ሊማር ነበር ሐሳቡ። ትኬት ስለሸጠ ግን እዚያው አስቀሩት። በ1979 አለቀለት፤ 18 አሸንፎ 33 ተሸንፎ። እኔ የ18 ዓመት ልጆች ነው የማሰለጥነው። ይህን ታሪክ ሳስብ ሆዴን ይቆርጠኛል። ጭብጨባው የእኛ፣ ክንዱ የልጁ ነው።

የድሮ ደጋፊ፦ የክላይድ ታሪክ ያሳዝናል፣ አልክድም። ግን የውርወራ ገደቡስ ማንን አዳነ? ስቲቨን ስትራስበርግ በ2010 ዋሽንግተን ላይ ሲጀምር 94 ጊዜ ብቻ ወርውሮ 14 ሰው በስትራይክአውት አስወጣ። እንደ ዓይን ብሌን ነበር የሚጠብቁት። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ የክርኑ ጅማት ተበጠሰ።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ እዚህ ላይ እውነት አለዎት፤ ቆጠራ ብቻውን አያድንም። ክርን ላይ ያለው ያ ጅማት ትንሽ ነው፤ በእያንዳንዱ ኃይለኛ ውርወራ ይለጠጣል። ሲበጠስ ከሌላ የሰውነት ክፍል ጅማት ተወስዶ ይተካል። ዶክተር ፍራንክ ጆብ በ1974 መጀመሪያ የሠሩት ለወርዋሪው ቶሚ ጆን ስለነበር ቀዶ ጥገናው ዛሬም በስሙ ይጠራል። የአሜሪካው ዋና የቤዝቦል ሊግ ራሱ በዲሴምበር 2024 ባወጣው ሪፖርት የጉዳቱ ዋነኛ ምክንያት ያለው ፍጥነትን ማሳደድንና በእያንዳንዱ ኳስ ሙሉ ኃይልን ማውጣትን ነው። እኛ ደግሞ ስታዲየም ገብተን የምንጮኸው ለዚያው 100 ማይል ነው። ስለዚህ ሲደክም ማስወጣት ትንሹ ጥንቃቄ ነው። የደከመ ክንድ አወራወሩን ሳያውቀው ይቀይራል፣ ጉዳቱም ያኔ ይመጣል።

ጥያቄውን ያነሳው፦ እሺ፣ ገደቡ ይኑር። ግን ለምን አስቀድመው አይነግሩንም? «ከ85 አያልፍም» ቢሉኝ ልጄን አዘጋጃት ነበር። እንደዚያ ባላለቀሰች ነበር።

የወጣቶች አሰልጣኝ፦ ቁጥሩን ከተናገርክ ተጋጣሚው ያውቀዋል። መቺዎቹ ኳስ እያሳለፉ፣ እየነካኩ ወደ ውጭ እያወጡ ውርወራውን ያስጨርሱታል። በሦስተኛው ኢኒንግ ሜዳውን ሊለቅ ይችላል።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ ትክክለኛውን ቁጥር ይደብቁ፤ «ዛሬ ረጅም አይቆይም» ማለት ግን ምን ይጎዳል? መቺዎቹ ይህንንማ ሳይነገራቸውም ይገምቱታል። የማያውቀው ልጁን ይዞ የመጣው ሰው ነው።

የድሮ ደጋፊ፦ በዚህ እስማማለሁ። ስኪንስ ከዚያ ጨዋታ በስድስተኛው ቀን ቺካጎ፣ ሪግሊ ፊልድ ስታዲየም ላይ ስድስት ኢኒንግ ሙሉ አንድም ሂት (መቺው በደንብ መትቶ ሩጦ የሚደርስበት ምት) ሳይሰጥ፣ 11 ሰው በስትራይክአውት ሸኝቶ፣ 100 ውርወራ ላይ ሲያስወጡት ግን ጠረጴዛ መትቻለሁ። እሱ ላይ አቋሜ ያው ነው።

ጥያቄውን ያነሳው፦ ያንን ከልጄ ጋር ቤት ሆነን ነው ያየነው። ውርወራውን በወረቀት ላይ እየቆጠረች ነበር። 90 ሲደርስ «አባዬ፣ አሁን ሊያስወጡት ነው» አለችኝ።