ስካን የተደረገ የፒያኖ ኖታ ወደ ብሬል

ዓይነ ስውር ነኝ፣ ፒያኖ እማራለሁ። ላፕቶፔ ላይ ኤንቪዲኤ (ስክሪኑን የሚያነብልኝ ፕሮግራም) እና ሙዝስኮር 4 (የሙዚቃ ኖታ መጻፊያ ፕሮግራም) አሉ፤ ባለ 40 ሴል የብሬል ማሳያም አለኝ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን በጣት በሚዳሰሱ ነጥቦች የሚያወጣ መሣሪያ። የሙዚቃ ኤክስኤምኤል ፋይል (ኖታውን እንደ ምስል ሳይሆን ፕሮግራም በሚያነበው መልክ የያዘ) ሳገኝ ኖታውን በጣቴ አነበዋለሁ። መጻፍም ችያለሁ፦ ሙዝስኮር ላይ የኤን (N) ቁልፍን እጫናለሁ፣ ለሩብ ኖታ 5፣ ከዚያ የኖታው ፊደል። የመጀመሪያዋን መስመር ራሴ የጻፍኩ ቀን በደስታ አልቅሻለሁ።

መምህሬ የሚሰጠኝ ግን ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ነው፤ ለኤንቪዲኤ ባዶ ምስል። የኖታ ምስልን ወደ ሙዚቃ ኤክስኤምኤል በሚቀይር አንድ ነጻ ፕሮግራም ሞከርኩ። በ300 ዲፒአይ ጥራት እንደገና ስካን አስደረግኩ፣ ያው ነው። ቀኝ እጁ ደህና ይወጣል። ግራ እጁ ግን ይቀላቀላል፤ 4 ምት መሆን ያለበት ባር (በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል ያለ የኖታ ክፍል) 5 ይሆናል። ሁሌ የሚያይ ሰው መለመን አልፈልግም። የተበላሹትን ባሮች ብቻ በኤንቪዲኤ ለይቼ ራሴ የማርምበትን መንገድ የምታውቁ አላችሁ?