ለእናትና አባቴ ቤት ስንት ዋት ሶላር ይበቃል?

ጥያቄ (ከቢቸና ወጣ ካለ ቀበሌ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የመብራት መስመር እኛ መንደር ገና አልደረሰም። ለእናትና አባቴ ቤት ሶላር ላስገባ ነው። 5 ባለ 7 ዋት አምፖል፣ 4 ስልክ፣ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ከነሪሲቨሩ ይኖራል። ከሁሉም የሚቀድመው ግን ታናናሾቼ ማታ የሚያጠኑበት ብርሃን ነው። ሻጩ «200 ዋት ፓኔልና 100 አምፔር ባትሪ ውሰድ፣ ፍሪጅም ያሠራልሃል» አለኝ። እውነት ነው? በሬ ተሸጦ የተገኘ ብር ስለሆነ እንዳልሳሳት እርዱኝ።

መልስ (ከደብረ ማርቆስ፣ ሶላር ገጣሚ)

ወንድሜ፣ ፓኔሉ ይበቃል፣ ባትሪው ያጠራጥራል፣ ፍሪጁን ለጊዜው ተወው። ሒሳቡን አብረን እንሥራ።

3 አምፖል ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ቢበራ 84 ዋት ሰዓት (ዋቱ በሰዓቱ ሲባዛ) ይሆናል። የጓዳውና የበረቱ ለ2 ሰዓት ቢበሩ 28። ስልኮቹን 40 በላቸው። ቴሌቪዥኑ 40 ዋት ቢስብ በ4 ሰዓት 160፣ ሪሲቨሩ ደግሞ በ15 ዋት 60። ድምሩ 372። ትክክለኛውን ዋት ከየዕቃው ጀርባ አንብበህ አስተካክለው። ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኃይል የሚቀይረው)፣ ሽቦውና ባትሪው ራሳቸው የሚበሉት አለ። ሲሶ ያህል ጨምርና በቀን 500 ያዝ።

አሁን ፀሐይዋን እንይ። በበጋ ፓኔል በቀን 5 ወይም 6 ሰዓት በሙሉ አቅሙ እንደሠራ ይቆጠራል። ብዙ ሻጭ የሚያሰላው በዚህ ነው። አንተ ግን በጥር ሳይሆን በሐምሌ አስላ። የጮቄ ተራራ ደመና ለብሶ በሚውልበት ወር 3 ሰዓት ተኩል ቢገኝ ጥሩ ነው። 500 ለ3.5 ሲካፈል 143 ዋት ይመጣል። ስለዚህ 200 ዋት ስትገዛ ትንሽ ትርፍ ይኖርሃል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ባትሪው ላይ ነው። 12 ቮልት በ100 አምፔር ሰዓት (ሻጮች «አምፔር» ብቻ የሚሉት) 1,200 ዋት ሰዓት ነው። ባትሪው የሊድ (የእርሳስና አሲድ) ከሆነ ግን ግማሹን ብቻ ተጠቀም፣ ከዚያ በታች ካወረድከው ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ያለህ 600 ነው፣ የአንድ ሌሊት ነገር። ክረምት ላይ ሁለት ቀን ፀሐይ ብትጠፋ ልጆቹ በጨለማ ሊያጠኑ ነው። ወይ የሊድ 200 አምፔር፣ ወይ የሊቲየም 100 አምፔር ግዛ። ሊቲየም እስከ 80 በመቶ ድረስ ያሠራል። ዋጋው ይወደዳል፣ ግን ብዙ ዓመት ይቆያል። እኔ ለቤተሰቤ ብሆን ሊቲየሙን ነው የምገዛው። ኮንትሮለሩ (ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው) ሊቲየም የሚቀበል መሆኑን ጠይቅ።

ጠያቂው

እግዜር ይስጥልኝ! የአጎቴ ልጅ የአይሱዙ ባትሪ በርካሽ ልስጥህ ይለኛል። እሱስ?

መልስ (ከፍኖተ ሰላም)

አይሆንም። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት፣ ለአፍታ ብዙ ኃይል ለመስጠት ነው። በየማታው ግማሽ ድረስ ከወረደ ቶሎ ይሞታል። ርካሹ ነገር መልሶ ያስወጣሃል።

መልስ (ከቡሬ፣ ባለሱቅ)

ወንድምዬ፣ ስለ ፍሪጁ እኔ ልንገርህ። ተራ ፍሪጅ በቀን 1,000 ዋት ሰዓት አካባቢ ይበላል። የናንተ ቤት መብራትና ቴሌቪዥን ተደምሮ የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ለእሱ ብቻ ሌላ ከ300 ዋት በላይ ፓኔልና ሌላ ባትሪ ይፈልጋል። ኮምፕሬሰሩ (የፍሪጁ ሞተር) ሲነሳ ደግሞ ከተጻፈበት ዋት ብዙ እጥፍ ይስባል፣ ትንሽ ኢንቨርተር ወዲያው ይዘጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድማ ጭራሽ አይታሰብ፣ ከ3,000 ዋት በላይ ነው። እናትህ በማገዶው ይቆዩ።

መልስ (ከሞጣ)

ስለ መግጠሙ ልጨምር። የፓኔሉን ፊት ወደ ደቡብ አዙረህ በ15 ዲግሪ ግድም አዘንብለው፣ ዝናቡም አቧራውን ያጥብልሃል። ከቆርቆሮው ከፍ ብሎ ይታሰር። ከሥሩ አየር ካላለፈ ፓኔሉ ይግላል፣ ሲግል ኃይሉ ይቀንሳል። የባሕር ዛፍ ጥላ እንዳያርፍበት። ጥግ ላይ ያረፈች ትንሽ ጥላ ብዙ ኃይል ትወስዳለች። ሽቦው አጭርና ወፍራም ይሁን። ኮንትሮለሩ ላይ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ፓኔሉን አገናኝ። ሲፈታ ደግሞ ፓኔሉ ይቅደም። የሊድ ባትሪ ከገዛህ መኝታ ክፍል አታስቀምጠው፣ ቻርጅ ሲደረግ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል።

ጠያቂው

200 ዋት ከ100 አምፔር ሊቲየም ጋር ወስኛለሁ። ሱቅ ውስጥ እንዳልታለል ምን ልይ?

መልስ (ከደብረ ማርቆስ፣ ሶላር ገጣሚ)

መልቲሜትር (ቮልት መለኪያ) ይዘህ ሂድ። ለ12 ቮልት የሚሆን ፓኔል ምንም ሳይገናኝበት ፀሐይ ላይ 20 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ባትሪውን አንሳው። የ12 ቮልት ሊቲየም 100 አምፔር 10 ኪሎ ገደማ ነው። 100 ተጽፎበት 5 ኪሎ ከሆነ፣ የተጻፈውን አትመን። ዋስትናውን በማኅተም አጽፈህ ተቀበል።