ውሃ የማይበክል የመርከብ ዘይት ተጠቀሙ ብዬ ሰው እንዴት ላሳምን? ሰሜን ሸዋ ያላችሁም ባህር ላይ ያላችሁም ሃሳብ ስጡኝ

የበሬሳ ልጅ፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች። የደብረብርሃን ልጅ ነኝ፣ መካኒካል ተመርቄ አሁን የማሪን ኢንጂነርነት ስልጠና ላይ ነኝ፣ እግዚአብሔር ካለ በቅርቡ መርከብ ላይ እወጣለሁ። ለክፍል ጓደኞቼ ገለጻ አቅርብ ተብዬ የመረጥኩት ርዕስ ባዮዲግሬደብል ዘይትና ግሪስ ነው፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ቢገባ ባክቴሪያ የሚበላው በአጭር ጊዜ የሚበሰብሰው አይነት። እኔ አምኜበታለሁ ግን ባህር ላይ ለቆዩ ሰዎች ሳነሳው ሁሌ የሚመልሱልኝ ያው ነው፣ ውድ ነው፣ ኦይል ሲሉን ማለትም ዘይት እንዳያፈስ የሚያግደውን ጎማ ይበላል፣ ደሞ ጠብ ጠብ የምትል ዘይት ያንን የሚያክል ባህር ምን ታረገዋለች ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስ?

ሌላው የሚከነክነኝ ነገር፣ እዚህ ቤተሰብ ጋ ስመጣ በከተማችን ወንዝ በበሬሳ ድልድይ ላይ ቆም ብዬ ውሃውን ሳየው ዳር ዳሩን ያ ቀለሙ የሚቀያየር ቅባት ሰፍሮበት አያለሁ፣ ዝቅ ብሎ ደሞ ሰው በዛው ውሃ አትክልት ያጠጣል። ታዲያ ይሄን እያየሁ ዝም ብዬ ስለ ቀይ ባህር ብቻ ባወራ ልክ ነው ወይ? የምታውቁ እባካችሁ ጻፉልኝ።

ቺፍ ደብረሲና፦

ወንድሜ ጥሩ ርዕስ ነው የያዝከው በርታ። እኔ የደብረሲና ልጅ ነኝ፣ እድሜዬን ኢንጅን ሩም ውስጥ ነው ያሳለፍኩት ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ የትኛው ዘይት እንደሆነ ለይተህ ንገራቸው፣ እሱን ካልለየህ ክርክሩ መቼም አያልቅም። ሰው የመርከብ ዘይት ሲባል የሚመጣለት የዋናው ሞተር ዘይት ነው፣ እሱ ግን እዛው ውስጥ ነው የሚዞረው፣ የቢልጅ ውሃም ማለትም መርከቡ ሆድ ስር የሚጠራቀመው ቆሻሻ ውሃ ቢሆን ማርፖል በሚባለው ዓለም አቀፍ የባህር ብክለት ሕግ መሰረት ዘይቱን በሚለየው ሴፓሬተር ካላለፈና ከ15 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 15 እጅ) በላይ ዘይት ካለበት ባህር ላይ አይለቀቅም። ችግሩ ያለው ዘይቱ በቀጥታ ባህሩን የሚነካበት ቦታ ላይ ነው። ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ሻፍት በመርከቡ ኋላ በኩል ሲወጣ ስተርን ቲዩብ በሚባል ቱቦ ውስጥ ያልፋል፣ ቱቦው ዘይት ተሞልቷል፣ በዛ ዘይትና በባህሩ መሃል ያለው የሻፍቱ ሲል ብቻ ነው። የተጣለ የዓሣ ማጥመጃ ክር ሻፍቱ ላይ ተጠምጥሞ ሲሉን ሲበላው ወይ ሲሉ ራሱ ሲያረጅ ዘይቱ ይወጣል። የድሮው ልማድ ታንኩ ሲጎድል ሞልቶ ሎግ ቡክ ላይ ፍጆታ ብሎ መመዝገብ ነው፣ የት ሄደ የሚል ሰው የለም። ባህር ውስጥ ነዋ የሄደው!

ጠብታ ምን ታረጋለች ላሉህ ይሄን አሳያቸው፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሰ ግምት አለ፣ በዓለም ወደቦች ላይ ከስተርን ቲዩብ ብቻ በዓመት ከ4.6 እስከ 28.6 ሚሊዮን ሊትር ዘይት ይፈሳል ይላል። ይሄ እንግዲህ መርከብ ተሰብሮ አይደለም፣ አደጋ ደርሶ አይደለም፣ በደህናው ቀን ሥራውን እየሰራ ነው። ደሞ ባህሩ ሰፊ ነው ቢሉህ ወደብ ሰፊ አይደለም በላቸው፣ መርከቦቹ የሚቆሙት ዓሣ የሚራባበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ነው።

ለዚህ ነው አሜሪካኖቹ ከታህሳስ 19 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ውሃቸው የሚገባ ከ24 ሜትር በላይ የሆነ የንግድ መርከብ ባህር በሚነካው ቦታ ሁሉ አንተ እንዳልከው ያለ ባዮዲግሬደብል ዘይት እንዲጠቀም ያስገደዱት፣ በቴክኒክ አይቻልም ብሎ ምክንያቱን ካላስረዳ በቀር። በቶሎ የሚበሰብስ መሆን አለበት፣ መርዛማነቱ ትንሽ መሆን አለበት፣ በዓሣ ሰውነት ውስጥ የማይጠራቀም መሆን አለበት። እውነቱን ልንገርህ ገበያውን የቀየረው ምክር ሳይሆን ይሄ ግዴታ ነው። ስለዚ ገለጻህን ተፈጥሮን እንጠብቅ በሚል ብቻ አትዝጋው፣ እኛ የምንጠቀምባቸው ወደቦች ያሉባቸው አገሮች ተመሳሳይ ሕግ ቢያወጡ ምን ይለወጣል የሚለውን አንሳ።

የበሬሳ ልጅ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄንን አንድም ሰው እንዲህ ለይቶ አልነገረኝም ነበር። የዋጋውንና የሲሉንስ ነገር?

ቺፍ ደብረሲና፦

ዋጋውን አትካድ፣ ከማዕድን ዘይቱ ማለትም ከድፍድፍ ነዳጅ ከሚወጣው ከተለመደው ዘይት እጥፍም ከዛም በላይ ይሆናል። ግን ስተርን ቲዩብ የሚይዘው ዘይት ዋናው ሞተር ከሚፈጀው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፣ ሂሳቡን በሱ ልክ አስላው።

የሲሉ ነገር እውነትነት አለው ግን ሁሉም ባዮ ዘይት አንድ አይደለም። ከአትክልት ዘይት ብቻ የተሰራው ርካሽ ነው፣ ሙቀት ሲበዛበት ግን ይወፍራልና ሙጫ ይሆናል፣ ብርድ ላይ ደሞ ይረጋል። ኤስተር የሚባለው ሲንተቲኩ የተሻለ ነው ሆኖም ውሃ ከገባበትና ሳይታይ ከቆየ እየተፈረካከሰ አሲድ ይፈጥራል፣ ጎማውን የሚጎዳው ያኔ ነው። ግላይኮል የሚባለው አይነት ደሞ ከድሮው ዘይት ጋር ጭራሽ አይስማማም፣ ታንኩን አጥበህ ካልሆነ አትሞክረው። ስለዚ ዘይቱን ስትቀይር ሲሉም ለዛ ዘይት የተፈቀደ መሆኑን የሲሉን አምራች መጠየቅ፣ ከዛ በየጊዜው ናሙና ቀድቶ የውሃውንና የአሲዱን መጠን ማስመርመር ነው። ከሕጉ በኋላ የስተርን ቲዩብ ቤሪንግ (ሻፍቱ የሚያርፍበትና የሚዞርበት ዕቃ) ብልሽት በዛ የሚል ቅሬታ መጥቶ ዲኤንቪ የሚባለው መርከብ የሚመረምር ድርጅት ከመርከብ ኢንሹራንሶችና ከሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ጋር አስጠንቶ ነበር፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ አንዳንዶቹ ባዮ ዘይቶች ጭነት ሲበዛባቸው ውፍረታቸው እንደ ማዕድን ዘይቱ እንደማይጨምር ተገኘ። ይሄንን ደብቀህ ብታቀርብ አንዱ ያነሳውና ገለጻህ እዛው ያልቃል፣ አንተው ቀድመህ አንሳውና መፍትሔው ወፈር ያለውን ግሬድ መምረጥና ዲዛይኑን ማስተካከል ነው በላቸው።

ዘይት ጭራሽ የሌለበትም አለ። አሁን አዳዲስ መርከቦች ላይ ሻፍቱን በራሱ በባህር ውሃ የሚያለሰልሱ የፕላስቲክ ቤሪንጎች ይገጠማሉ፣ ቢያፈስም የሚያፈሰው ውሃ ነው። ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው።

ታዛቢ ከሸኖ፦

እኔ የማይገባኝ ነገር አለ፣ ባህር በር የሌለን ሰዎች የመርከብ ዘይት ላይ ይሄን ያህል መነጋገራችን ለምንድነው? መጀመሪያ እዚህ አፍንጫችን ስር ያለውን እናጽዳ፣ ልጁ ራሱ በሬሳን ጠቅሶታል።

ቺፍ ደብረሲና፦

ወንድሜ ከሸኖ፣ ባህር በር የለንም እንጂ የምንለብሰውም ማዳበሪያውም ነዳጁም በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል በመርከብ ነው የሚመጣው፣ በሀገራችን ባንዲራ የሚሄዱ መርከቦችም አሉን ልጆቻችንም እዛው ላይ ናቸው። የጅቡቲ ዓሣ አጥማጅ ውሃው ላይ ለሚሆነው ነገር እኛም አለንበት። እዚህ ያለውንም እናጽዳ ያልከው ግን ልክ ነው፣ አንዱ አንዱን አይከለክለውም።

የጠባሴው መካኒክ፦

እኔ ስለ መርከብ አላውቅም ስለ ጋራዥ ግን ልናገር ምክንያቱም የልጁ ሁለተኛ ጥያቄ የኛ ነው። ሞተር ውስጥ የቆየ የተቃጠለ ዘይት ስትቀዳው ብረት ብናኝ አለው፣ ጥቀርሻ አለው፣ ነዳጅ የተቀላቀለበት አለ፣ ስለዚ ሲገዛ ባዮ ነበር ብለህ ቱቦ ውስጥ ልትደፋው አትችልም፣ ይሄ በደንብ ይታወቅ። ጋራዥ ላይ መፍትሔው መሰብሰብ ነው። እኛ ጋ በርሜል ላይ ወንፊት ያለው ፈነል አርገን ነው የምናጠራቅመው፣ ፊልትሮውም አፉን ዘቅዝቀን አሳድረነው እስኪንጠፈጠፍ ነው፣ እሱ ራሱ ስንት ዘይት ይይዛል መሰላችሁ። ለካሳፎርማ የሚቀቡት እየመጡ ይገዙናል፣ እሱም ያው አፈር ላይ መግባቱ ስለማይቀር ደስ አይለኝም ግን ሌላ የሚረከብ እስኪመጣ ምን እናርግ።

ላቫጆዎቹ ናቸው የሚያሳዝኑኝ። ሞተር በነዳጅ ታጥቦ ውሃው ቀጥታ ቦይ ይገባል። ከባድ ነገር አይደለም እኮ፣ ጉድጓዱን በግንብ ለሶስት መክፈልና ከአንዱ ወደ አንዱ የሚያሻግረውን ቱቦ ከታች ማረግ ነው፣ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል ውሃው ከታች ያልፋል፣ ከዛ ከላይ የቀረውን ትቀዳለህ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጁ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ በካይ ነገር አካባቢ ላይ መልቀቅ የተከለከለ ነው። ከተማው ፈቃድ ሲያድስ ይሄን ጉድጓድ አሳዩኝ ቢል በሬሳ በአንድ ክረምት ይለይለት ነበር።

ማሾ አምራች ሸዋሮቢት፦

ቆላውንም አትርሱን። እዚህ ቀወት ሽንኩርቱንም ማሾውንም የምናጠጣው በውሃ መሳቢያ ሞተር ነው፣ ሞተሩ የሚቆመው ደሞ ወንዙ አፋፍ ላይ ነው። ዘይት የሚቀየረው እዛው፣ የሚደፋው እዛው፣ ዝናብ ሲመጣ ሮቢ ጠርጎት ይሄዳል። ታች ወዳለው ወደ አፋር ወንድሞቻችን ነው የሚወርደው፣ እነሱ ከብት ያጠጡበታል። አዋሽ ደሞ ባህር አይደርስም፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ ነው የሚቀረው፣ እኛ የደፋነው ሁሉ ከመንገዱ የተረፈው እዛው ይከማቻል ማለት ነው።

ቺፍን የምጠይቀው፣ ለዚህ ሞተር የሚሆን ከዘይት እህል የሚሰራ ነገር የለም ወይ? እናቶቻችን ምጣድ በጎመን ዘር አስሰው እሳት ላይ ያ ሁሉ እንጀራ ይጋገራል፣ እንዲያ ከቻለ ብረት ማለስለስ አይችልም?

ቺፍ ደብረሲና፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። የኛ ጎመን ዘር ሀገሩ እዚሁ ነው፣ ዘይቱ ኤሩሲክ አሲድ የሚባለው ስለሚበዛበት ለምግብ ብዙ የማይመረጠው በዛው ምክንያት ለቅባት ተፈላጊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ካናዳ ውስጥ ምንም ሳይቀላቀልበት ከዚሁ ዘር በተሰራ ነዳጅ ጄት በርሯል። እና ደጋው ላይ ጎመን ዘሩ ቆላው ላይ ጉሎው እያለ ባዮ ዘይት ሁልጊዜ ከውጭ የሚመጣ ነገር ነው ብሎ ማሰብ የለብንም፣ የደብረብርሃን ዩኒቨርሲቲ ልጆች ለምርምር ቢይዙት ደስ ይለኛል።

ግን አደራ፣ ከገበያ የገዛኸውን የምግብ ዘይት ሞተርህ ውስጥ እንዳትጨምር። ያልታከመ የአትክልት ዘይት በሞተር ሙቀት ሙጫ ሆኖ የፒስተኑን ቀለበት ያጣብቀዋል። ለሞተሩ ውስጥ የታዘዘውን ዘይት ተጠቀም፣ ስር ትሪ አስቀምጥ፣ ስትቀይር በጀሪካን ይዘህ ወደ ቤት ተመለስ። ባዮው ላንተ የሚሆንበት ቦታ በግሪስ ጠመንጃ የምትሞላው ውጭ ያለ ቤሪንግ ነው፣ እዛ የገባው ግሪስ ዞሮ ዞሮ ውሃ ውስጥ ነው የሚያልቀው።

የበሬሳ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ገለጻውን ከስተርን ቲዩቡ ጀምሬ የላቫጆውን ጉድጓድ ስዕል ጨምሬ አቀርበዋለሁ። ጋሼ የመጨረሻ፣ ሻጭ ባዮ ነው ሲለን ውሸቱን በምን እናውቃለን?

ቺፍ ደብረሲና፦

ጣሳው ላይ ያለ አረንጓዴ ቅጠል ምንም ማለት አይደለም። ዳታ ሺት ማለትም የዘይቱን ቴክኒካል መግለጫ ወረቀት አምጣ በለው። ኦኢሲዲ 301 የሚባለውን የመበስበስ ፈተና አልፎ በ28 ቀን ቢያንስ 60 ፐርሰንት እንደበሰበሰ ተጽፎ ካላየህ፣ የመርዛማነት ፈተናውም ከጎኑ ከሌለ አትግዛ። ጊዜ ሲወስድ ይበሰብሳል የሚል ብቻ ካለ ተወው፣ ማዕድን ዘይትም ጊዜ ከሰጡት ይበሰብሳል።