ሊሶዛይም ስታፊሎኮከስን አልፈታ አለኝ፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (የድኅረ ምረቃ ተማሪ)፦ ጤና ይስጥልኝ። የመመረቂያ ጥናቴ የጡት በሽታ ከያዛቸው ላሞች ወተት የለየኋቸውን ባክቴሪያዎች ይመለከታል። ከስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ዲኤንኤ ለማውጣት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቴም ዲኤንኤው ሊታይበት በሚገባው ጄል ላይ ምንም አልታየኝም። ሌሊቱን ያደገውን ባክቴሪያ በሴንትሪፊውጅ አዘቅጬ፣ በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ሊሶዛይም (የባክቴሪያን ግድግዳ የሚቆርጥ ኢንዛይም) ባለው ባፈር (የአሲድነት መጠኑ የማይለዋወጥ ፈሳሽ) በጠበጥኩት። 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ግማሽ ሰዓት ካቆየሁት በኋላ ኤስዲኤስ (እንደ ሳሙና ያለ ማሟሚያ) እና ፕሮቲኔዝ ኬ (ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም) ጨመርኩበት። ቲዩቡ ግን እስከ መጨረሻው እንደ አጓት ደፍርሶ ቀረ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ባፈር የሠራሁት ኢ. ኮላይ ጥርት ብሎ ጥሩ ዲኤንኤ ሰጥቶኛል። ናሙናዎቼ 34 ናቸው፤ ጊዜውም እያለቀብኝ ነው። ሊሶዛይሙ ተበላሽቶ ይሆን?

መላሽ 1፦ ሊሶዛይሙን እጥፍ አድርጊና ረዘም ላለ ጊዜ አቆዪው። እኔ ባሲለስ በተባለው ባክቴሪያ ላይ በዚህ መንገድ ተሳክቶልኛል።

መላሽ 2 (የላብራቶሪ ባለሙያ)፦ እህቴ፣ ከላይ የተሰጠሽ ምክር ለባሲለስ ይሠራል፤ ለስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ግን ሊሶዛይሙን ማባከን ነው። በመጀመሪያ አንድ ነገር ላርም፦ የኢ. ኮላይ መጥራት ስለ ሊሶዛይሙ ጤንነት ምንም አይመሰክርም። የኢ. ኮላይ ግድግዳ ስስ ስለሆነ ኤስዲኤስ ብቻውን ያፈርሰዋል። ሊሶዛይሙን መፈተን ከፈለግሽ ማይክሮኮከስ ሉቴየስ ፈልጊ። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1922 ስለ ሊሶዛይም ሲጽፍ የተጠቀመበት ቢጫ ባክቴሪያ ይህ ነው፤ ከዚያ ወዲህም የኢንዛይሙ መፈተኛ ሆኖ ኖሯል። በፎስፌት ባፈር በጥብጪውና ከሊሶዛይምሽ ጥቂት ጠብታ ጨምሪበት። ኢንዛይሙ ደኅና ከሆነ ድፍርሱ በደቂቃዎች ውስጥ ዓይንሽ እያየ ይጠራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የባክቴሪያን ግድግዳ እንደ ሸማ አስቢው፤ ድርና ማግ አለው። ድሩ ሁለት ዓይነት ስኳር እየተፈራረቁ የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ሲሆን፣ ማጉ ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ የሚያያይዘው የአሚኖ አሲድ ድልድይ ነው። ሊሶዛይም የሚቆርጠው ድሩን ነው። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ግን ከሁለቱ ስኳሮች በአንዱ፣ በሙራሚክ አሲዱ ላይ፣ የአሴቲል ቁራጭ ይለጥፍበታል፤ በዚህ ምክንያት ሊሶዛይም የሚይዝበት ቦታ ያጣል። በእንባችንና በምራቃችን ውስጥ ይህን ያህል ሊሶዛይም እያለ ይህ ባክቴሪያ አፍንጫችን ውስጥ ተደላድሎ የሚኖርበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። መጠኑን ብትጨምሪም፣ ሰዓቱን ብታረዝሚም የሚለወጥ ነገር የለም።

አንቺ የሚያስፈልግሽ ማጉን የሚቆርጥ ኢንዛይም፣ ሊሶስታፊን ነው። የስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ድልድይ አምስት ግላይሲን ተከታትለው የተያያዙበት ነው፤ ሊሶስታፊን ይህንኑ ይበጥሳል። የሚገርመው፣ ኢንዛይሙ የተገኘው ከራሱ ከስታፊሎኮከስ ዘመድ መሆኑ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዝቃጩን በትሪስ ባፈር በጥብጪው፤ ሊሶስታፊኑን በሚሊ ሊትር 100 ማይክሮግራም ያህል እንዲሆን ጨምሪና 37 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት አቆዪው። ሲሳካ ቲዩቡን ስታዘነብዪው ውስጡ እንደ ተልባ ይለጠጣል። ኤስዲኤስና ፕሮቲኔዝ ኬ የሚጨመሩት ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። ቀድመው ከገቡ አንዱ ኢንዛይምሽን ያበላሸዋል፣ ሌላው ይበላዋል። ሊሶስታፊኑን በትንንሽ ቲዩብ ከፋፍለሽ አቀዝቅዢ፤ ደጋግሞ ማቅለጥና ማቀዝቀዝ ኃይሉን ይጨርሰዋል። ሌሊቱን ሙሉ ካደገ ባክቴሪያ ይልቅ ገና በማደግ ላይ ያለው በቀላሉ እንደሚፈታም አትርሺ።

መላሽ 3፦ ሊሶስታፊን ውድ ስለሆነ አማራጭ ልጠቁም። አክሮሞፔፕቲዴዝ የሚባለው ኢንዛይም ስታፊሎኮከስን ይፈታል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀላል። እርሱም ካልተገኘ በደቃቅ የመስታወት ዶቃዎች መፍጨት ነው። ዲኤንኤው ይቆራረጣል፤ ለፒሲአር (የዲኤንኤ ቁራጭን ለሚያባዛው ዘዴ) ግን ይበቃል። ረጃጅም የዲኤንኤ ንባብ ለሚፈልግ ሥራ ከሆነ አትሞክሪው።

መላሽ 4 (የእንስሳት ሐኪም)፦ እኔ ደግሞ በዚሁ አጋጣሚ ልጠይቅ። ኢንዛይሙ ይህን ያህል ኃይለኛ ከሆነ ላሚቱን ራሷን ማዳን አይቻልም? በጡቷ ውስጥ የተደበቀውን ስታፊሎኮከስ በአንቲባዮቲክ ማጥፋት እጅ እጅ ብሎኛል። ዳነች ስንል ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሶ ይመጣል፤ ገበሬው ላሚቱን ሊሸጥ ሲነዳት ማየት ያሳዝነኛል።

መላሽ 2፦ ዶክተር፣ ጥያቄዎ በትክክል ተሞክሯል። የአሜሪካ ተመራማሪዎች የሊሶስታፊንን ዘረመል ጀርሲ ላሞች ውስጥ አስገብተው፣ ላሞቹ ኢንዛይሙን በወተታቸው እንዲያመነጩ አድርገዋል። ውጤቱ በ2005 ታትሟል፤ እነዚያ ላሞች በስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የመያዛቸው ዕድል ከሌሎቹ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ነገር ግን ኢንዛይሙ የሚሠራው በስታፊሎኮከስ ላይ ብቻ ነው፤ የጡት በሽታን የሚያመጡት ስትሬፕቶኮከስና ኢ. ኮላይ አይነኩም። ለጊዜው ንጹሕ እጅ፣ ንጹሕ ጨርቅና ከታለበች በኋላ ጡቷን በመድኃኒት መንከር ከማንኛውም ኢንዛይም ይበልጣሉ።

ሊሶዛይምን ግን እንዳንንቀው። ጣሊያኖች ግራና ፓዳኖ የተባለው አይባቸው ከወራት በኋላ በጋዝ ተነፍቶ እንዳይሰነጠቅ ከእንቁላል ነጭ የወጣውን ሊሶዛይም ይጨምሩበታል። እዚያ ጠላቱ ክሎስትሪዲየም የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ እርሱን ሊሶዛይም ይበቃዋል።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የተባለውን ሁሉ አደረግኩ። ማይክሮኮከሱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጠራ፤ ስለዚህ ሊሶዛይሜ ደኅና ነበር። ከሌላ ላብራቶሪ ጥቂት ሊሶስታፊን ተበድሬ ስሞክር፣ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ቲዩቡ እንደ ተልባ ተለጠጠ። ጄሉ ላይ ያን ደማቅ መስመር ሳይ እንባዬ መጣ። ከ34ቱ ግን ሦስቱ አሁንም ደፍርሰው ቀርተዋል። ለምን ይሆን?

መላሽ 2፦ እንኳን ደስ ያለሽ! ሦስቱን በኮአጉሌዝ ፈትኛቸው፤ ይህ ፈተና ስታፊሎኮከስ ኦሪየስን ከአብዛኞቹ ዘመዶቹ ይለያል። ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስና አንዳንድ ዘመዶቹ ድልድያቸው ውስጥ በግላይሲን ፋንታ ሴሪን ስለሚያስገቡ ሊሶስታፊን ይከብደዋል። ስትሬፕቶኮከስ ሆነው ከተገኙ ደግሞ ሊሶስታፊን አይሠራም፤ ሙታኖላይሲን የሚባል ሌላ ኢንዛይም ያስፈልግሻል።

ጠያቂ፦ ፈተንኳቸው፤ ሦስቱም ስታፊሎኮከስ ናቸው፣ በኮአጉሌዝ ግን ኔጋቲቭ ሆኑ። የሊሶስታፊኑን መጠን እጥፍ አድርጌ አንድ ሰዓት ሳቆያቸው እነርሱም ተፈቱ። ነገ ጠዋት ፒሲአሩን እጀምራለሁ።